ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትግዙ፦ ያገለገለ የቤተሰብ መኪና ስለ መግዛት ለተጻፈው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ያገለገለ የቤተሰብ መኪና ስለ መግዛት ነው፤ በተለይ ከፍ ያለችውን ዓይነት፣ እንደ ራቭ ፎር፣ ቪታራ፣ ቱሳን ያለችውን። ለእኔም ሁለት ሰው ላከልኝ። አንዷ የባለቤቴ እህት ናት። በዚህ ወር መኪና ልትገዛ ብሯን ይዛ እየዞረች ነው። «አንብቢው፣ ሁሉን ነገር አቅልሎ ነው የጻፈው» አለችኝ። አነበብኩት። እውነትም አቅልሎ ጽፎታል። ችግሩም እሱ ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ቶዮታ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ። ኪሎ ሜትሩ ከ100 ሺህ በታች ከሆነ ሞተሩ ገና ነው። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በደንብ ተይዟል ማለት ነው። ቦሎ ካለው ምርመራውን አልፏል፣ አትጨነቅ። መካኒክ ደላላው ያመጣልሃል። ከተማ ውስጥ አሥር ደቂቃ ንዳው፣ ይበቃል። ቤተሰብ ካለህ ሰባት ሰው የሚይዘውን ምረጥ። ስም ማዛወሩ ይደርሳል፣ ለጊዜው ውክልና ይበቃል። መጨረሻ ላይ «ብዙ ከመረመርክ መኪናው ያመልጥሃል» ብሎ ይዘጋል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። አዳማ የምኖር የሒሳብ ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ግን ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ልክ በዚህ ዓይነት ምክር መኪና ገዝተን ነበር፣ ያ ምክር ምን እንዳስከፈለን ስለማውቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልመስክርለት። «መኪና በማታ አትይ፣ እንደታጠበም አትይ» ይላል። ልክ ነው። ውኃ ያረፈበት ቀለም ጭረቱንም የቀለም ልዩነቱንም ይደብቃል። በዚህ እስማማለሁ። በሌላው አልስማማም።

«ቶዮታ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ከሚለው ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚያምነው ይሄን ነውና። ቶዮታ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ዕቃው በየቦታው ይገኛል፣ የማያውቀው መካኒክ የለም፣ ስትሸጡትም ገዢ አታጡም። ግን ያ ስም ፋብሪካው ለሠራው መኪና ነው። ከዚያ በኋላ ማን ነዳት፣ ምን መታት፣ ማን ጠገናት የሚለውን ስሙ አይመልስላችሁም።

ይሄ ጥያቄ ደግሞ አሁን ከበፊቱ ይብሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ገበያ ላይ የምታገኟት ያገለገለች የነዳጅ መኪና በአብዛኛው እዚሁ አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የቆየች ናት። አራተኛ እጅ ልትሆን ትችላለች፣ አምስተኛም። ስለዚህ ዛሬ የምትገዙት የመኪናዋን ስም ሳይሆን ያሳለፈችውን ዕድሜ ነው።

ራሱ ቶዮታም የታወቁ ድክመቶች አሉበት። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩ አንዳንድ አውቶማቲክ ራቭ ፎሮች ላይ የሞተሩ ኮምፒውተር እየተበላሸ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ያንገጫግጨዋል፣ ዝም ከተባለም ይጎዳዋል። ከ2006 እስከ 2008 ከተሠሩት ባለ 2.4 ሊትሮቹ መሃል ደግሞ ዘይት የሚበሉ አሉ። ይሄ የጋራዥ ወሬ አይደለም። ለሁለቱም ችግር ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ዋስትናውን አራዝሞላቸው ነበር። እኛ አገር የገቡት ላይ ግን ያ ዋስትና የለም፤ ከፋዩ ገዢው ነው። ሁሉም እንዲህ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ አሁንም ድረስ ሳይነኩ የሚሄዱ ሞልተዋል። ግን ዓመተ ምህረቱን፣ የሞተሩን መጠን፣ ከየት አገር እንደመጣች ሳትጠይቁ አትግዙ። አውቶማቲክ ከሆነች ፍሬን ረግጣችሁ ከፓርክ ወደ ዲ አስገቧት። ወዲያው ለስላሳ ሆና መያዝ አለባት። ከዘገየች ወይም ገጭ ካለች ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ኪሎ ሜትሩ ልምጣ። ጸሐፊው «ከ100 ሺህ በታች ከሆነ ሞተሩ ገና ነው» ይላል። በቁጥር የምኖር ሰው ነኝና ይሄ ነጥብ በተለይ ያመኛል። ዳሽ ቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር በመሣሪያ ይቀነሳል፣ ለሚያውቀው ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይሄን ብዙ ሰው ሰምቷል። ብዙ ሰው ያልሰማው ሌላው ነው። ከአሜሪካ የመጡ መኪኖች የሚቆጥሩት በማይል ነው።

የእኛዋ 88 ሺህ ትል ነበር። «ከ100 ሺህ በታች» ብለን ተደሰትን። ማንም አልዋሸንም፣ ማንም አልነካካውም። ከገዛናት በኋላ ጋሼ የምላቸው የቆዩ መካኒክ በጣታቸው የፍጥነት መለኪያውን አሳዩኝ፤ ትልልቆቹ ቁጥሮች በማይል ነበሩ፣ ኪሎ ሜትሩ ከውስጥ በትንሹ ተጽፏል። 88 ሺህ ማይል ወደ 142 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ሒሳቡን የምሠራው እኔ ነበርኩ፣ ግን አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ስለዚህ ቁጥሩን ተዉትና እግርና እጅ የነካውን እዩ። የፍሬን ፔዳሉ ላይ ያለው ጎማ ጫፉ ልጦ ብረቱ ከታየ፣ መሪው እጅ የሚያርፍበት ቦታ እንደ መስታወት ለስልሶ ከሆነ፣ የሹፌሩ ወንበር በመውረጃው በኩል ከተደረመሰ፣ ያቺ መኪና የሄደችው 60 ሺህ ብቻ አይደለም። ፔዳሉ ደግሞ አዲስ ከሆነና ሌላው ሁሉ አሮጌ ከሆነ ያኔም ጠይቁ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ዘይት ሲቀየር የተንጠለጠለች ወይም የተለጠፈች ወረቀት ፈልጉ። አንዳንዴ ሻጩ የረሳት እውነተኛ ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፋ ትገኛለች።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። 15 ዓመት የሞላት መኪና ቀለሟ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ከሆነ የተቀባችበት ምክንያት አለ። ምክንያቱ ጭረት ሊሆን ይችላል፣ ግጭትም ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹና ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ላይ አስጠግታችሁ እዩ፤ ጉድጓድ መሙያ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ላይ በደንብ አይይዝም። የኮፈኑና የፓራፋንጎው ብሎኖች ቀለማቸው ከተፋቀ ተፈተዋል ማለት ነው። መስታወቶቹ ሁሉ የአንድ ፋብሪካ ምልክት ካላቸው ጥሩ፣ አንዱ ብቻ ከተለየ ያ ጎን ምን እንደነካው ጠይቁ። ጎማም ላይ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። 2318 ካለ እ.ኤ.አ. በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በአዳማ ፀሐይ ስር ቆሞ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ይሰነጠቃል።

«ቦሎ ካለው አትጨነቅ» የሚለውም እንዲሁ። ቦሎ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ ማረጋገጫ ነው። መኪናዋ በዚያን ቀን መንገድ ላይ መውጣት እንደምትችል ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ 11 ወር ነድተዋት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ ካምቢዮው እንዴት እንደሆነ አይነግራችሁም፣ ሥራውም አይደለም። ቦሎ ይኑራት፣ የሦስተኛ ወገን መድንም ይኑራት፣ ሕግ ነው። ግን ለመግዛት ምክንያት አይሆናችሁም።

«መካኒክ ደላላው ያመጣልሃል» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ደላላው የሚከፈለው መኪናዋ ስትሸጥ ነው። እሱ ያመጣው ሰው ነገም ከእሱ ጋር መሥራት ይፈልጋል። የራሳችሁን መካኒክ ራሳችሁ ከፍላችሁ ውሰዱ፣ መኪናዋ ባትሸጥም ዋጋውን እንደምትከፍሉት ቀድማችሁ ንገሩት። የመኪና መመርመሪያ ኮምፒውተርም ይዞ ይምጣ። አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሻጭ የሞተር መብራቱ እንዳይበራ ገዢ ሊመጣ ሲል ስህተቱን ከኮምፒውተሩ ያስጠፋል። ሲጠፋ ግን መኪናዋ ራሷን የምትፈትሽባቸው ምርመራዎችም አብረው ከዜሮ ይጀምራሉ፣ እስኪያልቁም የተወሰነ መንገድ መሄድ አለባት። ስለዚህ መካኒኩን «ስህተት አለ ወይ?» ብቻ አትበሉት። «ምርመራዎቹ ተጠናቀዋል ወይ?» በሉት። አብዛኞቹ ካልተጠናቀቁ የስህተቱ መዝገብ ገና ሰሞኑን ነው የጠፋው፤ ወይም ባትሪዋ ተነቅሎ ነበር።

አሁን ዋናው ጉዳይ። «ከተማ ውስጥ አሥር ደቂቃ ንዳው፣ ይበቃል።»

አይበቃም። አዳማ ውስጥ ደግሞ በጭራሽ አይበቃም። የከተማችን መሃል ሜዳ ነው። ከፖስታ ቤት ተነስታችሁ በፍራንኮ ዞራችሁ ብትመለሱ፣ ባጃጅ እየሸሻችሁ ሦስተኛ ማርሽ እንኳን በቅጡ አትገቡም። ያቺ መኪና በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ የምትደብቀው ነገር ካለ በሰላም ደብቃው ትመለሳለች።

እኛ እንደዚያ ነበር ያደረግነው። አሥር ደቂቃ ነዳን፣ ፀጥ ያለች ናት ተባባልን፣ ገዛን። በሁለተኛው ወር አሰላ ክርስትና ተጠራን። ሦስቱ ልጆች ኋላ፣ ድፎ ዳቦው፣ የለስላሳው ሳጥን፣ የአልጋ ልብስ ስጦታው ሁሉ ተጭኖ በጠዋት ወጣን። መልካሳን አለፍን፣ ዴራን አለፍን፣ ምንም የለም። መንገዱ ወደ ኢተያ ሽቅብ ሲል የሙቀት መርፌዋ ከመሃል ተነሳች። መጀመሪያ የክር ውፍረት ያህል ነው። ባለቤቴ መንገዱን ስለሚያይ አላያትም። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አየኋት። «ይቺ መርፌ ሁልጊዜ እዚህ ነበረች?» አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ቀዩን ነካች። ከኮፈኑ ጠርዝ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ወጣ። ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ መኪናው ተቃጠለ?» ብላ አለቀሰች።

አንድ ግራር ስር ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየን። ሞተሩ ቀዝቅዞ የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት የወጣው ውኃ ቀለሙ የሻይ ነበር። ዝገት ነው።

ጋሼ ሲፈቱት ነገሩ ሁሉ ቀድሞ የነበረ ነው። የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ተርሞስታት ተነቅሎ ተጥሏል። ራዲያተሩ ግማሹ ተደፍኗል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በክዳኑ መሃል ያለው ማሸጊያ) ተበልቷል። «ሜዳ ላይ ውኃ እየጨመሩ ሲነዷት ከርመዋል። ጭነትና ዳገት ሲገናኙ ነው የምትናገረው» አሉኝ። ለትልቁ ልጃችን የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ የያዝነው ብር ለዚያ ሄደ። መኪናዋን አሠርተን ስንሸጣት ለገዢው ሁሉንም ነገር፣ የተቀየረውን ዕቃ ደረሰኝ ሳይቀር ሰጠነው። እኛ ላይ የሆነው ሌላ ሰው ቤት እንዲገባ አልፈለግንም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ፍለጋ ስንጀምር ደንብ አወጣን። ጠዋት 1 ሰዓት እንሄዳለን። ለሻጩ ቀድመን ደውለን ሞተሩን እንዳያስነሳ እንነግረዋለን። ስንደርስ ገና ሰላምታ ሳይጠናቀቅ እጃችንን ኮፈኑ ላይ እናሳርፋለን። ሞቃት ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል፤ በቀዝቃዛው ለመነሳት የምትቸገረው፣ የምታጨሰው፣ የምትንኳኳው ሁሉ ሲሞቅ ፀጥ ሊል ይችላል። በዚህ ፍለጋ ያየናትን የመጀመሪያዋን መኪና የተውናት በዚህ ነው። ኮፈኗ ሞቆ አገኘነው። ሻጩ «ልጆች ትምህርት ቤት አድርሼ መመለሴ ነው» አለን። ቀኑ ግን ቅዳሜ ነበር። አመስግነን ሄድን።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ሲሞቅ ግን በፍጹም እንዳትነኩት፣ ፊት ይቀቅላል። ውስጡ አረንጓዴ ወይም ቀይ ጥርት ያለ ፈሳሽ ከሆነ ባለቤቱ ተጠንቅቋል። ቡናማ ውኃ ከሆነ የእኛን ታሪክ አስታውሱ። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡ። ከስሩ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ ውኃና ዘይት ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ ሰው ያስነሳ፣ እናንተ ከኋላ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ነው። ነጭ እንፋሎት በጠዋት ትንሽ ቢታይ አያስፈራም፣ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ግን ውኃ እየተቃጠለ ነው።

ከዚያ ዳገት ፈልጉ። እኛ አዳማ ያለን ሰዎች ዳገቱ ደጃችን ላይ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፣ አሰላ ወደ 2,400 ሜትር። በመሃላቸው ያለው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሰላ ድረስ መሄድ የለባችሁም፣ ኢተያ ይበቃል። ሰው ሙሉ፣ ኤሲውን አብሩ፣ ሬዲዮውን አጥፉ። አንድ ሰው ሥራው መርፌዋን ማየት ብቻ ይሁን። ኢተያ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ አሥር ደቂቃ ቁሙና የራዲያተሩ ፋን ሲነሳና ሲቆም ስሙ። ስትመለሱ ቁልቁለቱን እግራችሁን ከነዳጅ አንስታችሁ በማርሽ ውረዱ፣ ታች ስትደርሱ ነዳጅ ስጧትና በመስታወት ወደ ኋላ እዩ። ዘይት የምትበላ ሞተር ሰማያዊ ጭሷን እዚያ ላይ ትተፋለች።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ በፈጣኑ መንገድ ሞጆ ደርሳችሁ ተመለሱ። በ100 ስትሄድ መሪው እጃችሁ ላይ ከተንቀጠቀጠ የጎማ ባላንስ ሊሆን ይችላል፣ የተጣመመ ቸርኬ ሊሆን ይችላል፣ የተመታ ሻንሲም ሊሆን ይችላል። ከተማ ውስጥ በ40 ይሄን አታዩትም። ነዳጁንና የመንገዱን ክፍያ እናንተ ቻሉ፣ ሻጩ ራሱ አብሯችሁ ይቀመጥ። ይሄን ሁሉ እያደረጋችሁለት እንኳን እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አሁን ደግሞ በጣም ወደሚያሳስበኝ። ጸሐፊው ስለ ቤተሰብ መኪና ይጽፋል፣ ስለ ልጆች ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለው። «ሰባት ሰው የሚይዘውን ምረጥ።» በቃ።

ወንበር አትቁጠሩ፣ ቀበቶ ቁጠሩ። ይሄን የተማርኩት ከሁለተኛዋ መኪና ነው። ንፁህ ነበረች። ቀዝቃዛ ሞተር፣ ጥርት ያለ ዘይት፣ ጨዋ ሻጭ። የኋላ ወንበሯ አዲስ ጥቁር የወንበር ልብስ ለብሷል። ቀበቶውን ከጎን ሳብኩት፣ መጣ። የሚገባበት ቆልፍ ግን የለም። እጄን በመቀመጫውና በመደገፊያው መሃል ከተትኩ። የብስኩት ፍርፋሪ፣ አንድ ሳንቲም፣ የእርሳስ ስባሪ፣ ከዚያ የቆልፉ ጫፍ። ልብሱ ሲለብስ ከስር ቀብረውታል። ሻጩ ምላጭ አምጥቶ ቀደደልኝ። ቀበቶውን ከተትኩት፣ ጠቅ አለ። ቀስ ብዬ ስስበው ተመልሶ ወጣ። ሦስቱንም ሞከርኩ። ልጅ ይዞ የሚያስቀር አንዱ ብቻ ነበር።

«እህቴ፣ ኋላ ቀበቶ ማን ያስራል?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እውነቱን ነው የተናገረው፣ አብዛኛው ሰው አያስርም። እኔም በዚያኛዋ መኪናችን አላስርም ነበር። ትንሿን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር ወደ አሰላ የወጣሁት። ያን ቀን መኪናዋ በመሞቅ ፈንታ ፍሬን አጥታ ቢሆን ኖሮ፣ እጄ ልጄን ይዞ እንደማያስቀራት ዛሬ አውቃለሁ። የማንም እናት እጅ አይችልም። ስለዚህ ይሄን ነጥብ ስጽፍ እየለመንኩ ነው። የወንበር ልብሱን አስወልቁ። እያንዳንዱን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ ጠርዙ የተበላ መሆኑን እዩ፣ ከታችኛው ጫፉ ጭቃ ወይም የውኃ መስመር ካለ ደግሞ መኪናዋ ጎርፍ ገብታ ይሆናል። በኃይል መንጭቁት፣ መያዝ አለበት። ቆልፉት፣ ጎትቱት። አብዛኞቹ ቀበቶዎች ላይ የተሠሩበት ዘመን የተጻፈበት መለያ ተሰፍቶ አለ፤ ከመኪናዋ ዘመን በኋላ ከሆነ ተቀይሯል፣ ለምን እንደተቀየረ ይነገራችሁ።

የኤርባጉን መብራት እዩ። ቁልፍ ስታዞሩ ዳሽ ቦርዱ ላይ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሰው ሆን ብሎ መብራቱን አውጥቶት ሊሆን ይችላል። በኋላ በሮች ጠርዝ ላይ ያለውን የልጅ መቆለፊያ ዝጉና ከውስጥ ክፈቱ፤ መከፈት የለበትም። የሕፃን ወንበር ለመጠቀም ካሰባችሁ በኋላ መቀመጫው ስንጥቅ ውስጥ ሁለት ሁለት የብረት ቀለበት በጣታችሁ ፈልጉ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ላይ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2002 ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ ይኖራል።

ስለ ሰባት ወንበሩም፣ አጭር መኪና ላይ ሦስተኛው ረድፍ የኋላ በሩ ላይ ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው። የልጁ ጭንቅላት ከመስታወቱ በስንዝር ይርቃል። ሰው ሲሞላ የዕቃ ቦታ አይኖርም፣ ዕቃው ጣሪያዋ ላይ ወዳለው ፖርቶ መጋላ ይወጣል፣ ከፍ ያለች መኪና ደግሞ ጭነት አናቷ ላይ ሲወጣ መታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች። አምስት ከሆናችሁ አምስት ሰው በደንብ የምትይዝ ትበቃችኋለች።

«ለጊዜው ውክልና ይበቃል» የሚለው ሳያስበው የጻፈው ይመስለኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፣ ከሞተም ውክልናው ይቋረጣል። ያኔ ብራችሁን ከፍላችሁ የያዛችሁት መኪና ወራሾቹ ስም ላይ የሚጠየቅ ንብረት ይሆናል። ሻጩም ቢሆን አይጠቀምም። መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ሕጉ ባለቤቱን ይጠይቃል፣ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ስሙ እስካለ ድረስ በእናንተ ጥፋት እሱ ፍርድ ቤት ሊመላለስ ይችላል። ለሁለታችሁም የሚሻለው ስም ማዛወር ነው፣ ዛሬውኑ።

ሦስተኛዋ መኪና ያመለጠችን እዚህ ላይ ነው። ኢተያ ወጥታ ተመለሰች፣ ቀበቶዎቿ ሁሉ ይይዛሉ፣ ልጆቹ ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ባለቤቴ ቀብድ ሊከፍል ኪሱ ሲገባ «ፋይሏን እንይ» አልኩት። ታርጋዋ የአዲስ አበባ ስለሆነ ፋይሏ ያለው እዚያ ነው፣ አንድ ቀን ሥራ አስፈቅዶ ሄደ። በባንክ ብድር ተይዛ እገዳ ነበረባት። ሻጩ «ልከፍለው ነበር» አለ። ይክፈለው፣ እንደከፈለ ይደውልልን አልን። አልደወለም።

ስለዚህ ፋይሏ ያለበት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ እገዳ እንደሌለባት አረጋግጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፣ ክፍያው ደግሞ ከባድ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ አንዱን ባለቤቴ እያነበበ ሌላውን እኔ እየተከተልኩ ነው የማደርገው፤ ሒሳብ ስናመሳክርም እንደዚያ ነው።

«ብዙ ከመረመርክ መኪናው ያመልጥሃል» ላለው፣ አዎ፣ ያመልጣል። እኛን በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ሦስት አመለጡን። በዚያ ጊዜ ልጆቹን በባጃጅ አደረስን፣ ለገና ቤተሰብ ጋ በአውቶቡስ ሄድን። አድካሚ ነበር። አራተኛዋ ቪታራ ናት። ቀለሟ በሁለት ቦታ ተፍቋል፣ የግራ በሯ ላይ የድንጋይ ምት አለ፣ ጸሐፊው ቢያያት ያልፋታል። ኢተያ ወጥታ መርፌዋ ሳትነቃነቅ ተመልሳለች። ኋላ ሦስቱም ቀበቶ ይይዛል።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከባለቤቴ እህት ጋር አንድ ራቭ ፎር ለማየት እንሄዳለን። ለሻጩ ደውላ ሞተሩን እንዳያስነሳ ነግራዋለች።